ብፁዓን ናቸው ቆጣቢዎች

ቁጠባ ድሮ የድሃ ሙያ ነበር። ሽንኩርት በመደብ የሚገዛ፣ ሁለት ፌርማታ በእግሩ የሚሄድ፣ ለበዓል በግ ሦስት ገበያ የሚዞር ሰው ነበር ቆጣቢ የሚባለው። ዘመን ሲገለባበጥ ይህችም ሙያ ከእጃችን ወጣች። ዛሬ የቁጠባ ሊቃውንት የሚገኙት በኒውዮርክ፣ በለንደንና በሆንግ ኮንግ የሐራጅ አዳራሾች ውስጥ ነው። ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ በእጃቸው ይዘው፣ ለስላሳ ወንበር ላይ ተደላድለው፣ አሮጌ ወይን ጠጅ በርካሽ ለመግዛት ይጫረታሉ። አዎ፣ በርካሽ።

ለተጠራጣሪ አንድ ማስረጃ ላቅርብ። በኦክቶበር 2018 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ሶዝቢስ የተባለው አጫራች ድርጅት ኒውዮርክ ላይ አንድ ጠርሙስ የ1945 ሮማኔ ኮንቲ ለሽያጭ አቀረበ። ወይኑ የተገኘው ፈረንሳይ ውስጥ ቡርጎኝ በሚባለው አገር ካለ፣ ሁለት ሄክታር ከማይሞላ ማሳ ነው። በዚያ ዓመት የተሞላው 600 ያህል ጠርሙስ ብቻ ሲሆን ወዲያው አሮጌዎቹ ግንዶች ተነቀሉ። የተሰጠው ግምት 32 ሺህ ዶላር ነበር። የዓለም ጦርነት ያለቀበት ዓመት ወይን በ32 ሺህ! ይህን አይቶ ልቡ የማይሸፍት ቆጣቢ የት ይገኛል? ጠርሙሱ በ558 ሺህ ዶላር ተሸጠ። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ የዚያው ዓመት፣ የዚያው ማሳ ሁለተኛ ጠርሙስ ወጣና በ496 ሺህ ሄደ። ልብ በሉ፣ ሁለተኛው ገዢ ሰሌዳውን ዘግየት ብሎ በማንሳቱ ብቻ 62 ሺህ ዶላር ቆጠበ። እኛ ዕድሜ ልካችንን የበግ ገበያ ብንዞር ይህን አናተርፍም።

በዚያ ቀን ከሁለቱም የበለጠ የቆጠበው እርግጥ ከመጨረሻው ጥሪ በፊት እጁን ያወረደው ሰው ነው። እርሱ ግን በዜናው አልተነሳም። በዚህ ዓለም ገንዘቡን ይዞ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ተሸናፊ ይባላል።

ደግሞም ያ 558 ሺህ ሁሉም የወይኑ ዋጋ አይደለም። መዶሻው ያረፈው 450 ሺህ ላይ ነው። በላዩ ላይ 24 በመቶ የገዢ ኮሚሽን ተጨመረበት፤ ይኸውም 108 ሺህ ዶላር ነው። ሻጩም እንደ ስምምነቱ በበኩሉ ኮሚሽን የሚከፍልበት ጊዜ አለ። እኛ አገር ከገዢም ከሻጭም የሚቀበለውን ሰው ደላላ ብለን ከኋላው እንቦጭቀዋለን። እዚያ ክራቫት አስሮ ከፍ ያለ ሰገነት ላይ ቆሞ፣ መዶሻ ይዞ ይጨበጨብለታል። እውነቱን ለመናገር የኛዎቹ ቢያንስ ጫማቸውን ጨርሰው ነው የሚበሉት።

ሚሊየነር ያልሆነ ቆጣቢም ቦታ አለው። እንበል፣ ለንደን ውስጥ አንድ ሳጥን የፈረንሳይ ቦርዶ ወይን፣ 12 ጠርሙስ፣ ከ1,000 እስከ 1,500 ፓውንድ ተገምቶ ቀረበ። ወዳጃችን በ900 ወሰደው። ከዝቅተኛው ግምት በታች ነውና ደስታው አይጣል ነው! በ900 ላይ 25 በመቶ ኮሚሽን 225 ፓውንድ ይሆናል፤ በኮሚሽኑ ላይ ደግሞ 20 በመቶ ቫት 45 ፓውንድ። 1,170 ደረስን። ማጓጓዣው፣ መድኑ፣ የመጋዘን ኪራዩ ገና አልተነሳም። ያው ሳጥን መንገድ ዳር ካለው ሱቅ በ1,150 ተደርድሮ ቢሆንስ? ሱቁ ቡሹ የበከለውን ጠርሙስ ይቀይርልሃል፤ ሐራጅ ቤቱ ግን የሚሸጠው «እንዳለ» ነው፣ እንዳለም ትወስደዋለህ። ይህን ሁሉ ለወዳጃችን ብታስረዱት አይሰማችሁም። እርሱ ለእራት ለጠራቸው እንግዶች «በ900 ነው የመታሁት» ይላል። ኮሚሽን በእንግዳ ፊት አይነሳም፤ ነውር ነው።

ሐራጅ ቤቶቹ ይህን ደስታ እንዴት እንደሚጠምቁት ላደንቅ እወዳለሁ። አንደኛ፣ ግምቱን ዝቅ አድርጎ መጻፍ። ዝቅ ያለ ግምት ሰው ይሰበስባል፤ የተሰበሰበ ሰው ዋጋ ይሰቅላል፤ በማግስቱም «ከግምቱ በብዙ እጥፍ ተሸጠ» የሚል ዜና ይወጣል። ከዚያም ሻጩ የማይወርድበት ምስጢራዊ ወለል አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከዝቅተኛው ግምት አይበልጥም፣ ተጫራቹ ግን ቁጥሩን አያውቀውም። ዋጋው እዚያ ወለል እስኪደርስ ድረስ አጫራቹ በሻጩ ስም ራሱ ዋጋ መጥራት ይፈቀድለታል። በደቃቅ ፊደል የተጻፈው የሽያጭ ደንብ ይህን ሳይደብቅ ይናገራል። እናም ቆጣቢያችን በስሜት ሰሌዳውን ሲያነሳና ሲጥል፣ «ከኋላ ያለው ሰውዬ» እያለ በልቡ ሲረግም፣ ከኋላው ማንም የለም። ሲፎካከር የቆየው አጫራቹ ሰው አስመስሎ ከሚጠቁመው ከጣሪያው መብራት ጋር ነው። አሸነፈውም።

መጠጥም አለ። ከሽያጩ በፊት የቅምሻ ግብዣ ይሰናዳል። በአሜሪካ አንዳንዶቹ ሐራጆች የሚካሄዱት ጭራሽ በታወቁ ምግብ ቤቶች ውስጥ ነው፤ ተጫራቹ እየበላና እየጠጣ ይጫረታል። መኪና ሊነዳ የማይፈቀድለት ሰው 40 ሺህ ዶላር ሊጠራ ይፈቀድለታል።

ወደ ብልሃቶቹ ልግባ፤ አንባቢም ይጠቀም። የፕሪንስተኑ የምጣኔ ሀብት ምሁር ኦርሊ አሸንፌልተር በ1989 ባሳተመው ጥናት አንድ ጉድ ጽፏል። አንድ ዓይነት ወይን በእኩል ብዛት፣ በአንድ ሐራጅ ተከታትሎ ሲሸጥ፣ የኋለኛው ሎት (ባንዴ ለጨረታ የሚቀርብ ዕቃ) ዋጋ ከፊተኛው የመውረድ አዝማሚያ አለው። የ1945ቱን ሁለት ጠርሙሶች አስታውሱ። ስለዚህ ብልሁ ሰው የመጀመሪያውን ሎት ያሳልፋል፤ ሁለተኛውን ይጠብቃል። አሁን ሁሉም ይህን ምክር ያውቃል። አዳራሹ በሙሉ ሁለተኛውን ለመጠበቅ ተስማምቶ የተቀመጠ እንደሆነ የመጀመሪያውን ማን እንደሚገዛው ምሁሩ ይንገረን።

ሌላው ብልሃት ቆሻሻ መውደድ ነው። ወረቀቱ የተቀደደ፣ ሻጋታ የነካው፣ ሰሙ የተሰነጠቀ ጠርሙስ ዋጋው ይወርዳል፤ ወይኑ ግን ያው ነው ይባላል። ከሁሉ የሚያምረው የጠርሙሱን አካል የመመርመር ሥርዓት ነው። ወዳጃችን ከሽያጩ በፊት ባለው የእይታ ቀን የእጅ ባትሪ ይዞ ይመጣል። ጠርሙሱን በአንገቱ ይዞ፣ መብራቱን ከኋላው አስጠግቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል። ወይኑ አንገቱ ውስጥ ከሆነ ጤነኛ ነው፣ ውድም ነው። የላይኛው ትከሻ ላይ ከወረደ ለዕድሜው አይከፋም። መካከለኛው ትከሻ ላይ ሲደርስ ዋጋው ይለሰልሳል። የታችኛው ትከሻ ላይ ሲሆን ያኔ የቆጣቢ ልብ ይመታል። ወይኑ የጎደለው በቡሹ በኩል ቀስ እያለ ስለተነነ ነው፤ በወጣው ልክ ደግሞ አየር ገብቷል፤ አየር የገባበት ወይን ወዴት እንደሚሄድ ኮምጣጤ የሠራች እናት ሁሉ ታውቃለች። ወዳጃችን ግን ባትሪውን አጥፍቶ በካታሎጉ ዳር በእርሳስ ምልክት ያደርጋል፤ ከፊሉ የሌለ፣ የቀረውም የሚያጠራጥር ወይን በግማሽ ዋጋ አግኝቷልና። ኮሚሽኑ ጎደሎ ነው ተብሎ አይቀነስለትም።

ከገዛ በኋላስ ይጠጣዋል? እግዜር ያሳያችሁ! በእንግሊዝ አገር ዊልትሻየር ውስጥ፣ ኮርሻም አካባቢ፣ ከመሬት በታች 30 ሜትር ያህል ወርዶ ያለ መጋዘን አለ። ቀድሞ የሕንፃ ድንጋይ ይፈለጥበት ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጥይት ተከማቸበት፤ አሁን የሀብታሞች ወይን ተኝቶበታል። እንዲህ ባሉ መጋዘኖች ውስጥ በጉምሩክ ቁጥጥር ሥር እስካለ ድረስ ቀረጥም ቫትም አይከፈልበትም። ከወጣ ግን ይከፈላል። ስለዚህ አይወጣም። ባለቤቱ በወረቀት ይቀያየራል፣ ዋጋው ይወጣል ይወርዳል፣ ሳጥኑ ግን ከመደርደሪያው ንቅንቅ አይልም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የምንለው እኛ በቁጭት ነበር። እዚያ በየዓመቱ ኪራይ እየተከፈለባት፣ መድን ተገብቶላት፣ የላሚቱ ፎቶ ለባለቤቷ በኢሜይል ይላካል።

ይህ ሁሉ ለወይኑ ጣዕም ሲባል እንዳይመስላችሁ። በቦርዶ ፍሬዴሪክ ብሮሼ እና ባልደረቦቹ በ2001 ባሳተሙት ሙከራ ለ54 የወይን ጥናት ተማሪዎች ነጭ ወይን ጣዕም በሌለው ቀለም ቀልቶ ቀረበላቸው። ተማሪዎቹ ወይኑን በቀይ ወይን ቃላት እየገለጹ ጻፉ። እነዚህ እንግዲህ ሙያውን ሊኖሩበት የሚማሩ ናቸው። ሐራጁ ላይ ግን የሚሸጠው ጠርሙስ ራሱ አይቀመስም። 12 ዓመት ወይም 140 ዓመት የሞላው ጠርሙስ ቡሹ ሳይነቀል ነው የሚሸጠው፤ ሰው የሚገዛው ወረቀቱን፣ ቁጥሩንና ታሪኩን ነው። በተለይም ሌላውን ሰው ቀድሞ የወሰደው መሆኑን። ሐራጅ ቤቱ የሚሸጠው ዕቃ ይኸው «አገኘሁት» የሚለው ስሜት ነው፤ ወይኑ ማሸጊያው ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ሆንግ ኮንግ በ2008 በወይን ላይ የነበረውን ቀረጥ አነሳች፤ ገንዘብም እንደ ክረምት ወንዝ ገባ። በ2010 ሶዝቢስ እዚያ ላፊት የተባለ የቦርዶ ወይን፣ የ1869 ሦስት ጠርሙስ አቅርቦ እያንዳንዱ ከ232 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጠ፤ ከተገመተው በብዙ እጥፍ። በዚያው ዓመት የላፊት ቤት በ2008ቱ ጠርሙስ ላይ በቻይንኛ ስምንት ቁጥር እንደሚቀርጽ አስታወቀ፤ ስምንት በቻይናውያን ዘንድ የዕድል ቁጥር ነው። የወይኑ ዋጋ ወዲያው ተስፈነጠረ። ማሳው ያው፣ ዝናቡ ያው፣ በርሜሉ ያው። ከ2011 በኋላ ገበያው ሲወርድ ግን ስምንት ቁጥሩ ማንንም አልደገፈም።

ላፊት ካነሳን አባቱን እናንሳ። በዲሴምበር 1985 በለንደን ክሪስቲስ የተባለው ሐራጅ ቤት አንድ የ1787 ላፊት አቀረበ፤ ጠርሙሱ ላይ የኋላው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የቶማስ ጄፈርሰን የስም ምልክት ነው የተባለ ፊደል ተቀርጿል። ያገኘሁት ፓሪስ ውስጥ ከታሸገ ምድር ቤት ነው ያለው ሃርዲ ሮደንስቶክ የሚባል፣ በፊት የሙዚቀኞች ሥራ አስኪያጅ የነበረ ጀርመናዊ ነው። ምድር ቤቱ የት እንደሆነ ግን ለማንም አልተናገረም። ጠርሙሱን የፎርብስ መጽሔት ባለቤት የሆነው ቤተሰብ በ105 ሺህ ፓውንድ ገዛው። ከዚያ ለእይታ ተቀመጠ፤ የመብራቱ ሙቀት ቡሹን አደረቀውና ወደ ውስጥ ሸርተት አለ። የዚያን ጊዜ የዓለማችን ውዱ ጠርሙስ በመብራት ብዛት ተበላሸ። የቤተሰቡ ልብ ግን አልተሰበረም ይሆናል፤ ለ105 ሺህ ፓውንድ የዓለምን ወሬ ገዝተውበታል።

አሜሪካዊው ባለጸጋ ቢል ኮክ ተመሳሳይ አራት ጠርሙሶችን ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቶ ገዛ። በኋላ ለኤግዚቢሽን ማረጋገጫ ሲፈለግ የጄፈርሰንን መኖሪያ የሚያስተዳድሩት ተመራማሪዎች የሰጡት መልስ ደስ አላሰኘውም። ጄፈርሰን የገዛውን ሁሉ እየመዘገበ የሚያስቀምጥ ሰው ነበር፤ ከመዝገቡ ግን እነዚህ ጠርሙሶች አልተገኙም። ኮክ የቀድሞ የኤፍቢአይ ሰው ቀጠረ። ፊደሎቹ የተቀረጹት በኤሌክትሪክ በሚሽከረከር መሣሪያ ሆኖ ተገኘ፤ በ1787 ደግሞ መብራት የሚሰጥ ሻማና ኩራዝ ብቻ ነበር። ኮክ ለመርማሪና ለጠበቃ ያወጣው ገንዘብ ጠርሙሶቹን ከገዛበት በብዙ እጥፍ በለጠ። እውነትን በውድ የገዛ ብቸኛው ተጫራች እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ጀግናው መጣን፤ ሩዲ ኩርኒያዋን። ኢንዶኔዥያ የተወለደ፣ ካሊፎርኒያ የኖረ ወጣት፤ የሮማኔ ኮንቲ ፍቅሩ ታይቶ «ዶክተር ኮንቲ» የሚል ቅጽል ወጣለት። መጀመሪያ ገዢ ሆኖ ብቅ አለ። ሰሌዳውን ከፍ አድርጎ ሳያወርድ የሚገዛ፣ ከሽያጭ በኋላ ደግሞ ውድ ጠርሙስ እየከፈተ የሚጋብዝ ሰው ነበር። በ2006 አከር የተባለው የኒውዮርክ ሐራጅ ቤት የእርሱን ስብስብ በሁለት ሐራጅ ሸጠ፤ ድምሩ 35 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ከዚያ ምን ሆነ? በ2008 ሎራን ፖንሶ የሚባል የቡርጎኝ ወይን ጠማቂ ኒውዮርክ ድረስ ተጉዞ መጣ። ኩርኒያዋን ለሽያጭ ካቀረባቸው መካከል የገዛ የፖንሶ ቤተሰብ ስም ያለባቸው ክሎ ሳን ዴኒ የሚባሉ ጠርሙሶች ነበሩ፤ አንዱ የ1945 ነው ይላል። ቤተሰቡ ግን ያንን ወይን የጀመረው በ1980ዎቹ ነው። ካታሎጉን ያዘጋጁት፣ የገመቱት፣ በባትሪ ያዩት፣ ሊገዙ የተሰለፉት ሁሉ ይህን አላስተዋሉም፤ ጠርሙሶቹ ከሽያጭ ወጡ፤ ሐራጁ ቀጠለ።

በማርች 2012 የኤፍቢአይ መርማሪዎች ካሊፎርኒያ አርኬዲያ ካለው የኩርኒያዋን ቤት ገቡ። በሺዎች የሚቆጠሩ የታተሙ የጠርሙስ ወረቀቶች፣ ማኅተሞች፣ አሮጌ ቡሾች፣ ማሸጊያ ሰም አገኙ። በርካሽ የካሊፎርኒያ ናፓ ወይን ጠርሙሶች ላይ ደግሞ ወደፊት የየትኛው ዘመን ቦርዶ ተብለው እንደሚወጡ የሚጠቁም ማስታወሻ ተጽፎ ነበር። እዚህ ላይ ኮፍያዬን አወልቃለሁ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥሩ ወይን በእውነት በርካሽ የገዛ አንድ ሰው ቢኖር እርሱ ነው፤ የናፓውን በሱቅ ዋጋ ገዝቶ፣ ቀይጦ፣ ዕድሜውን በወረቀት ጨምሮ ሸጠው። ገዢዎቹ ደግሞ ለዓመታት ጠጥተው አደነቁ፤ የጥንት ጽጌረዳ ሽታ አገኙበት፣ እርጥብ ደን አገኙበት። ማንም «ይሄማ ናፓ ነው» አላለም። ፍርድ ቤት ግን የቁጠባ አድናቂ አልሆነም፤ በ2014 አስር ዓመት ፈረደበት።

እዚህ ላይ ስለ እኛ ትንሽ ብል አይከፋም። ቦርዶ የከበረው የካስቴል ቤተሰብ ዝዋይ ላይ ወይን ተክሎ ጠርሙሱን በ2014 ለገበያ ካቀረበ ዓመታት ሆነውታል። እዚያ ማሳ ዙሪያ ጅብ፣ ጉማሬና ዘንዶ እንዳይገቡ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ተቆፍሯል። ሐራጅ አዳራሾች ደጃፍ እንዲህ ያለ ቦይ ለምን እንደሌለ አይገባኝም። ምናልባት አውሬው ከየትኛው ወገን እንደሚመጣ ባለመስማማታቸው ይሆናል።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ርካሽ የሚባል ነገር የሌለበት ሐራጅም አለ። ቡርጎኝ ውስጥ ቦን በምትባል ከተማ ከ1859 ጀምሮ በየኖቬምበሩ የሆስፒታል ወይን በበርሜል ይሸጣል፤ ገቢው ለሕሙማንና ለእርዳታ ነው። በ2022 አንድ በርሜል 810 ሺህ ዩሮ አወጣ። እዚያ የሚጫረት ሰው ሲወጣ «ሰጠሁ» ይላል። ቆጣቢዎቻችን ይህን ሐራጅ እንደ ጅልነት ነው የሚያዩት።

ለእነርሱ የሚሆነውን ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት በ2015 አዘጋጀላቸው። የፌዴራል ማርሻሎች ከኩርኒያዋን የወረሱትን ወይን አስመረመሩ። ከ500 በላይ ሐሰተኛ የተባሉ ጠርሙሶች ቴክሳስ ውስጥ በቆሻሻ ማስወገጃ ማሽን ተጨፈለቁ። እውነተኛ የተባሉት ግን፣ ከአራት ሺህ ስድስት መቶ የሚበልጡ ጠርሙሶች፣ ምን ሆኑ? በሐራጅ ተሸጡ እንጂ! የዓለም ታላቁ አጭበርባሪ ምድር ቤት ውስጥ የነበረ፣ መንግሥት እውነተኛ ነው ብሎ የመሰከረለት ወይን ተገኘና ተጫራች ተረባረበ፤ አንድ ሚሊዮን ተኩል ዶላር ገባ። ገንዘቡ ለተጭበረበሩት ገዢዎች ካሳ እንዲሆን ተወሰነ። ከተጭበረበሩት አንዱ በዚያ ሐራጅ ተጫርቶ አሸንፎ ከሆነ፣ ለራሱ የሚገባውን ካሳ ከኪሱ ከፍሎ፣ ወይኑን ደግሞ ከግምቱ በታች ወስዷል።